በሐሙሱ ባቡር እንዳትመጣ

ድሬዳዋ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሆዴ ሳትወጣ ጡቴን ለጠባኸው ልጄ ለይቴ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የድሬ ልጅ ሙቀት አይበግረውም እያልክ እንደምትፎክር አውቃለሁ። ለማንኛውም ውኃ ጠጣ፣ ቀትር ላይ ጣሪያ ላይ አትውጣ።

ሰላምታውን እዚህ ላይ ላቁመውና ዋናውን ልንገርህ፤ ወረቀቱን ሳትጨርሰው ብትጥለው እንኳ ይህችን አንብበህ ጣለው። በሐሙሱ ባቡር እንዳትመጣ። እሑድ በአብዲራህማን ስልክ የተላከልህን ድምፅ ሰምተሃል። «ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ዓርብ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፤ ሐሙስ ድረስ» የምትለዋ እኔ ነኝ፤ ድምፄን ያስመሰለ ሰው የለም። ግን አትመነኝ። ታላቁ ልጄ፣ ወንድምህ አብዲራህማን፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ከተማ በሚያመጣው መንገድ ላይ ሊገድልህ ይጠብቅሃል።

በወረቀት ለምን ጻፍሽ ትለኝ ይሆናል። ቁጥርህ ያለው እሱ ስልክ ውስጥ ነው። የእኔንም ስልክ ማታ ማታ ይፈትሸዋል። እናትህን ዝናሽን ቁጥሩን ስጪኝ ብላት ለምን ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ዓይኗን እያየሁ መዋሸት አልችልም። እውነቱን ብነግራት ፖሊስ ጣቢያ ትሮጣለች፣ አልፈርድባትም፤ ግን እሱም ልጄ ነው። ስለዚህ ይህን ለኒምኮ ሰጠሁ። ኒምኮን ታውቃታለህ፣ ጅቡቲ እየተመላለሰች ሽቶና ጨርቅ የምታመጣዋን። በልበላ ሰፈር አንተ የምትሠራበትን ዳቦ ቤት አይታዋለች። ነገ ረቡዕ በባቡር ትሄዳለች፤ ካላገኘችህ ዳቦ ቤቱ በር ላይ እንደምታድር ምላልኛለች።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ ያን ቀን ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወጥተህ እንደሮጥክ ነው የቀረኸው፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አታውቅም። የሆነውንም ቢሆን የምታውቀው ከአንተ በኩል ብቻ ነው።

እናትህ አንተን ወልዳ ደም አልቆም ብሏት ሆስፒታል ስትተኛ ልጄ ኸባብ አርባ ቀኑን ገና መድፈኑ ነበር። አባትህ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣህና በሬ ላይ ቆመ። ተቀበልኩህ። የሰፈሩ ሰው የክርስቲያን ልጅ እንዴት አለ? ማንም አላለም። ያኔ እንደዚያ የሚል ሰው ቢኖርም ድምፁ አይሰማም ነበር። ሁለታችሁ ግን ጥርስ ካወጣችሁ ወዲህ አንድ ጡት ላይ ትጣሉ ነበር፤ እሱ ይነክሳል፣ አንተ ትቧጥጣለህ። በኋላ ቀኙን ለአንተ፣ ግራውን ለእሱ ለየሁላችሁና ተገላገልኩ። ወተቱ ለሁለታችሁም ይበቃ ነበር፣ ወላሂ ይተርፍ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጠቡ ከየት ጀመረ እያሉ ሲነታረኩ ይኸው ነው ትዝ ያለኝ።

ያ የፋሲካ ሳምንት ረቡዕ የጀመረውስ በቲማቲም ነው። ቀፊራ ገበያ መግቢያ ላይ አንድ ባጃጅ የአንዲት ሴት ቲማቲም ላይ ወጣ። ሴትየዋ ሰደበችው፣ ሾፌሩ መልሶ ሰደባት፣ ስድቡ ከሰው አልፎ ብሔር ነካ። አንዱ በስልክ ቀረጸው። ሾፌሩን ከባጃጁ ጎትተው አወረዱትና አስፋልቱ ላይ ረገጡት፤ ይህንንም ቀረጹት። ሳይመሽ እኛ ሰፈር መስጊድ ነደደ ተባለ፣ እናንተ ጋ ቤተ ክርስቲያን ነደደ ተባለ። ሁለቱም ዛሬም ቆመዋል፤ የነደደው የሰው ቤት ነው።

እኔ በሬን ዘግቼ በቀዳዳው አይ ነበር። የማውቃቸው ልጆች ናቸው፣ በስማቸው የምጠራቸው፣ ዒድ ሲሆን ከረሜላ የሰጠኋቸው። ፊታቸውን በሻሽ አስረው፣ አንዱ ገጀራ፣ አንዱ የበር ብረት ይዞ ሲያልፉ አየሁ። ከማዶ ያለውን የመለዋወጫ ሱቅ ዘበኛ፣ ያን የሚያነክሰውን ሽማግሌ፣ «የየትኛው ነህ?» ብለው ጠየቁት። «የዚህ ሰፈር ነኝ» አላቸው። መልሱ አልበቃቸውም። ጭንቅላቱን በድንጋይ ሲሉት ድምፁን ሰማሁ፤ የውኃ እንስራ ሲሰበር የሚወጣው ዓይነት ነው። እስከ ማታ እዚያው ተኝቶ ነበር፤ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በኋላ ቆመ።

ከዚያ ከመንገዱ ታች ካለው የእናትህ ልብስ ስፌት ቤት ጭስ ሲወጣ አየሁ። ሦስቱ የስፌት መኪናዎች፣ ለሰርግ የተሰፉት ቀሚሶች፣ ሁሉም። ኸባብ ያን ጊዜ ቤት አልነበረም።

ደቻቱ ያን ቀን ጠብታ ውኃ አልነበረውም። ድንጋይ ግን ሞልቶት ነበር፤ ከዚህና ከዚያ ማዶ ተሰልፈው ተወራወሩ። ድልድዩ ሥር ጫት የምትሸጠው ሙኒያ መሸሽ አቅቷት ጆንያዋ ኋላ ተደብቃ ሁሉን አይታለች። ለሌላ ሰው አልተናገረችም፣ ለእኔ ግን ነገረችኝ። አንተ ፌሮ፣ ያን የግንባታ ብረት፣ ይዘህ ወረድክ። ኸባብ ከወዲህ በኩል ወረደ፤ እጁ ላይ ባዶ ሃይላንድ ነበር። «የእናቴን ቤት አንተ?» አልከው። እሱም የሃይላንዱን ጠርሙስ ጥሎ እጁን ከፈተ። ያን ጊዜ መታኸው፣ ትከሻውና አንገቱ መሃል። ተንበረከከ። ደሙ ከአንገቱ ሲወርድ ቀና ብሎ «ይቴ» አለህ። ከዚያ ደግመህ መታኸው።

የመጀመሪያውን እረዳለሁ። የእናቱ ስፌት ቤት ሲነድ ያየ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሁለተኛውን ግን ለምን? እሱ ስምህን ከጠራ በኋላ ለምን?

ልጄን በአሮጌ በር ላይ አስተኝተው አመጡልኝ። ወንዶቹ ሲያጥቡት ሸሚዙን ቀደው አውጥተው ሰጡኝ፤ ያ ሰማያዊው፣ አንተ ለልደቱ የገዛህለት። ፊቴ ላይ አስጠጋሁት። ደም ይሸታል። ቤንዚንም ይሸታል። የእናትህን ስፌት ቤት ያቃጠለው የእኔ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ማንም ሳያየኝ አጣጥፌ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሳሙና አላስነካሁትም።

ለቅሶው ላይ እናትህ መጣች። ማንም ትመጣለች ያለ አልነበረም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እየጮኸች፣ «ልጄን፣ የልጄን ወንድም» እያለች ገባች። ሴቶቹ ፀጉሯን ይዘው ጎተቷት። አንዷ ፊቷን ቧጠጠቻት፣ ሌላዋ በጫማ መታቻት። እኔ ተቀምጬ አየሁ። አላስጣልኳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ትናንት አንድ ግድግዳ እየለየን አልተነጋገርንም፤ ግን ስታስል ይሰማኛል፣ ሳስል ይሰማታል። ከግድግዳው ወዲያ ሦስት ሌሊት ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ሲወርድ ሰምቻለሁ። የወረወረውን አውቀዋለሁ፣ ከእኔ ቤት ነው የሚወጣው።

አረፋ እንዴት አለፈ ብትለኝ፣ በጉ ታረደ፣ ማንም አልበላም። አብዲራህማን ሥጋውን ለጎረቤት አከፋፍሎ ሲመለስ ለእናትህ ቤት ድርሻ አልሰጠም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሳይቀር ይሰጥ የነበረ ሥጋ ነው።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከአርባው በኋላ ነው። ሦስት ናቸው፦ ከእኛ በኩል ሀጂ ነጅሙዲን፣ ከእናንተ በኩል የድሮው የምድር ባቡር ሠራተኛ አቶ ዓለምሰገድ፣ መሃል ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው በገዛ ፈቃዳቸው የመጡት የሶማሌው ሽማግሌ አዴር ሮብሌ። ሴት ስለሆንኩ ጥግ ላይ ነው ያስቀመጡኝ፤ ምንም አይደለም፣ ከጥግ ይሰማል።

መጀመሪያ ጠቡ ከየት ተጀመረ ተባለ። አቶ ዓለምሰገድ «ከብሔር ኮታው ነው» አሉ፤ «እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ ተምሮ፣ ሥራ ሲጠይቅ የአንተ ድርሻ አልቋል የሚባል ልጅ ምን ይሁን? አያቱ ሐዲዱን በእጁ የዘረጋ ልጅ እንግዳ ሆነ።» ሀጂ ነጅሙዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኮታው ትናንት ነው፣ አቦ። ከተማው ሲሰፋ የማንን እርሻ ነው የበላው? ገበሬው ካሳ ተብሎ የተሰጠው ለአንድ ክረምት አልበቃውም። የዚያ ገበሬ ልጅ ነው ዛሬ ድንጋይ የያዘው» አሉ። አዴር ሮብሌ ደግሞ ሳቁ። «እናንተ ስለ ከተማ ታወራላችሁ። ጠቡ ከቢዮ አዋሌ ወዲያ ካለው ውኃ ነው። ድርቁ ሲመጣ ግመሉን ከጉድጓዱ ማን አባረረው? ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሰዎች መጥተው ወሰን ብለው ምርጫ አስመረጡን፤ በአንድ ጉድጓድ የሚጠጣ ሰው የየትኛው ነህ ተብሎ ተጠየቀ» አሉ።

ሦስቱም እውነት ናቸው፣ ይቴ። ሰምቼ ሰምቼ የገባኝ ግን እያንዳንዱ ታሪኩን የሚጀምረው እሱ ከተበደለበት ቀን መሆኑን ነው። እሱ ከበደለበት ቀን የጀመረ አንድም አልነበረም። እኔም ብሆን አፌን ሞልቼ አልናገርም፤ የእኔ ሸሚዝ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር።

ቀጥሎ እርቁ በማን ሥርዓት ይሁን ብለው ተጣሉ፤ ሳቅ ቢመጣብኝ አትፍረድብኝ። አንዱ እንደ ኦሮሞው ደንብ በጉማ ይሁን ይላል፣ አንዱ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ ይላል፣ አንዱ ደሙ በግመል ይቆጠር ይላል። የልጄ ደም አሸዋ ላይ ደርቆ እነሱ ስለ መንገዱ ይከራከራሉ። በመጨረሻ ከጥጌ ተነሣሁ። «ይትባረክ ጡቴን ጠብቷል» አልኳቸው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ማንም አላነሣውም ነበር። አዴር ሮብሌ ናቸው ቀድመው የተናገሩት፦ «እንግዲያው የሞተውም የገደለውም የአንድ ቤት ልጅ ነው። ከአንድ ቤት ደም ለማን ይከፈላል?» ሀጂም፣ አቶ ዓለምሰገድም ተስማሙ። በየትኛውም ሥርዓት የጡት ልጅ ልጅ ነው። ደም አይከፈል፤ አንተ በእግርህ መጥተህ ጥፋትህን ተናገር፣ ከአንድ ትሪ ብላ፣ መቃብሩ ላይ ቁም፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካህም ተባለ። አብዲራህማን እዚያው ነበር። «እሺ» አለ። እጄን ሳመ። ደስ አለኝ፣ ሞኝ ነኝ።

እሑድ ስልኩን አፌ ላይ ደቀነልኝ። ይቅር ብዬሃለሁ በይው፣ ያለዚያ አይመጣም አለኝ። አልኩህ።

ትናንት የአብዲራህማንን ፍራሽ ፀሐይ ላስመታ ከአልጋው አነሣሁት። ሥሩ ያ ፌሮ ተጋድሟል። በኸባብ ሸሚዝ ተጠቅልሏል። ሳጥኔን ሰብሮ፣ ቁልፉን መልሶ ገጥሞታል። ፌሮውን ከደቻቱ ፈልጎ አምጥቶት ኖሯል፤ ጫፉን በሞረድ አሹሎታል። አልጋው ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ አድርጌው ሳለሁ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የእሱ ዕቃ ነው። ልመልስለት ነው» አለኝ።

«ሽማግሌ ፊት እሺ ብለሃል።»

«ሽማግሌዎቹ ፊት ከደረሰ አይነካም። ለዚህ ነው የማይደርሰው። ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ኡሚ፤ መንገዱ ጭር ያለ ነው።»

በጥፊ መታሁት። አልሸሸም። ጢሙ ላይ እንባ ሲወርድ አየሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ አልቅሶ አያውቅም ነበር። «አንቺ የማን እናት ነሽ?» አለኝ።

«የሦስታችሁም» አልኩት።

«የሁለት በይ፣ አንዱ የለም» አለና ፌሮውን ከእጄ ነጥቆ ወጣ። ሸሚዙ እኔ ጋ ቀረ።

አትቀየመው አልልህም። ግን ክፉ ነው ብለህ አታስብ። ኸባብን በትከሻው ተሸክሞ ነው ትምህርት ቤት ያደረሰው፤ አንተንም ጭምር፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ። ሁርሶ ወታደር ቤት ሰልጥኖ ሲመለስ ለሁለታችሁም እኩል ጫማ አመጣላችሁ። ያ ሰው ዛሬ ብረት ያሾላል። ይህ ነገር ከውጭ የመጣ በሽታ ቢሆን ኖሮ መድኃኒት እፈልግለት ነበር። ግን ከእኔ ቤት፣ ከእኔ ጡት ነው የወጣው።

እናትህ ከግድግዳው ወዲያ ምን እንደምታደርግ ልንገርህ? ቤቱን ኖራ እየቀባች ነው። ድምፄን አሰምተዋታል። ትናንት በሬን አንኳኩታ፣ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እግሬ ላይ ወደቀች። «ልጄን ሰጠሽኝ» አለችኝ። አነሣኋት፣ ነጠላዋን አራገፍኩላት። ሐሙስ ጣቢያ ሄዳ ልትቀበልህ አዲስ ጋቢ ገዝታለች። አብዲራህማን እሷ ፊት ያደርገው ይሆን? አላውቅም። የዛሬ ሦስት ወር ብትጠይቀኝ አያደርገውም እልህ ነበር፤ አንተንም እንደዚያው።

እኔ የማደርገውን ስማ። ዓርብ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፣ አንተ አትኖርም። ቀረ ብለው ሲያጉረመርሙ ጥጌን ትቼ መሃል እቆማለሁ። እናትህ እዚያ ትኖራለች፣ አብዲራህማንም። ሸሚዙን ምንጣፉ ላይ እዘረጋዋለሁ። ሦስቱም ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው ያሽትቱት፤ ደሙንም፣ ቤንዚኑንም። የእኔ ልጅ የዝናሽን ስፌት ቤት አቃጠለ፣ የዝናሽ ልጅ የእኔን ልጅ ገደለ፣ የቀረው ልጄ ደግሞ እርቁን ወጥመድ አደረገው፤ ድምፄን ሰርቆ ልጅ ሊገድልበት ነበር እላቸዋለሁ። እርቅ የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ እላለሁ። አብዲራህማን ከዚያ በኋላ ፊቴን ላያይ ይችላል። ቤቱን ጥሎልኝ ይሄድ ይሆናል። በሕይወት ይሂድ፣ እጁ ንጹሕ ሆኖ ይሂድ። ሸሚዙን ያየ ሁሉ ኸባብን ቤት አቃጣይ ይለዋል፤ የሞተ ልጄን ስም በገዛ እጄ አጎድፋለሁ። ከዚህ የከበደ ነገር አላውቅም፣ ግን አደርገዋለሁ።

አንተ እስክትጠራ ድረስ እዚያው ቆይ። በስልክ፣ በድምፅ፣ በማንም አፍ አይደለም የምትጠራው። ኒምኮ ያን ሰማያዊ ሸሚዝ ይዛልህ ከመጣች፣ ታጥቦ፣ የተቀደደው በእናትህ እጅ ተሰፍቶ ካየኸው፣ ያን ጊዜ ና። ያላየኸው እንደሆነ አትምጣ። ዓመትም ቢሆን፣ አሥር ዓመትም ቢሆን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ድምፄ ይቅር ብዬሃለሁ ብሎሃል። አብዲራህማን የሚያስበውን ሳላውቅ በፊትም ቢሆን ውሸት ነበር። ይቅር አላልኩህም፣ ይቴ። ጠዋት ስነቃ ይቅር እላለሁ፣ ማታ ሙኒያ የነገረችኝ ይመጣና እመልሰዋለሁ። ስትመጣ ሽማግሌዎቹ ስለ መጀመሪያው ይጠይቁህ ይሆናል። እኔ የምጠይቅህ ስለ ሁለተኛው ነው። መልሱን እስክትመጣ አብስለው። መልስ ከሌለህም የለኝም በለኝ፤ ብቻ አትዋሸኝ፣ ውሸት ጠግቤያለሁ።

ግራ ጡቴ ላይ የኸባብ ጥርስ ያቆሰላት ጠባሳ አለች። ቀኙ ላይ የአንተ ጥፍር የቧጠጣት አለች። ስታጠብ ሁለቱንም አያቸዋለሁ። አንዷን ልፋቅ ብል ሌላዋም ትደማለች።

ብላ። ዳቦ ቤት እየሠራህ ጾምህን እንዳታድር። የሌላ ሰው ጠብ ውስጥ አትግባ፣ እዚያም «የየትኛው ነህ?» የሚል አይጠፋም። እናትህ በሥዕልዋ ፊት፣ እኔ በመስገጃዬ ላይ ስምህን እንጠራለን፤ ሰሚው አንድ ነው። አላህ ከብረት ይሰውርህ፣ ከገዛ እጅህም ይሰውርህ። እግርህን ወደ ወጣህበት የሚመልስ ቀን ያምጣልህ፣ እኔንም ለዚያ ቀን ልብ ይስጠኝ።

ሐሙስ እኔም ጣቢያ እሄዳለሁ። ከእናትህ ጎን ቆሜ ባቡሩ ሲመጣ አያለሁ። ሰው ሁሉ ወርዶ አንተ ካልወረድክ፣ እሷ ስታለቅስ እኔ አልሃምዱሊላህ እላለሁ።

እናትህ
ሸፊቃ